ጕድጓዱን ያልከደነ ሰው
በቤት ስለሚቀመጥ የጦር መሣሪያና ስለ ወላጆች ኀላፊነት

በኦሪት ዘፀአት በ21ኛው ምዕራፍ ስለ ጕድጓድ የተሠራ ሥርዐት አለ። ሰው ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድነው ቢሄድና የባልንጀራው በሬ ወይም አህያ ገብቶ ቢሞትበት፥ ባለ ጕድጓዱ ዕዳ ከፋይ እንዲሆን ታዝዟል። ይህን ስናነብ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሕጉ በሬውን ማን ነዳው፥ አህያይቱስ ስለ ምን በዚያ መንገድ ሄደች ብሎ አይመረምርም። ባለ ጕድጓዱ በዚያ ሰዓት ከገበያ ይሁን ከእርሻው፥ ተኝቶም ይሁን ነቅቶ፥ ግድ የለውም። የሚጠይቀው ጕድጓዱ የማን እንደ ሆነና ስለ ምን ሳይከደን እንዳደረ ነው። በኦሪት ዘዳግምም በ22ኛው ምዕራፍ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል፤ ከዚያ ሰው ቢወድቅ የደሙ በደል በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። እጁን ያላነሣ፥ ማንንም ያልጠላ ሰው፥ መከታ ባለማበጀቱ ብቻ ደም ይገኝበታል ማለት ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ከብትና ስለ ሰገነት ለማስተማር አይደለም። በብዙ ቤት ሳይከደን የሚያድር ሌላ ጕድጓድ አለ፤ እርሱም ጥይት ጎርሶ በትራስ ሥር የሚያድረው ሽጉጥ፥ በቁም ሣጥን ራስ ላይ የሚጋደመው ጠመንጃ ነው። በዚህኛው ጕድጓድ የሚገባው የባልንጀራ በሬ ሳይሆን የገዛ ልጅ ነው።

ይህን የምጽፈው በምዕራብ አዲስ አበባ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ሆኜ ነው። የሰፈሩ ስም ሁለት ነገር ያጣመረ ነው። ቀራንዮ መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ እኛ ደሙን ያፈሰሰበት የጎልጎታ ስም ነው። ኮልፌ ግን ለብዙ ዘመን የታወቀው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ መሠልጠኛ በመሆኑ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የጦር ትምህርት የተማሩት በዚሁ ነበር። ትምህርቱ 6 ወር እንዲቈይ ታስቦ ሳለ ከ8 ሳምንት በኋላ ወደ አገራቸው ስለ ተጠሩ፥ አዛዡ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥተው ሸኟቸው። ማንዴላም ያን ሽጉጥ ሊሊስሊፍ በተባለው እርሻ ጠቅልለው ከመሬት ውስጥ ቀበሩት፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ፈላጊዎች ቈፍረው ቈፍረው ሊያገኙት አልቻሉም። ከኮልፌ የወጣው መሣሪያ ሁሉ እንዲህ በጥልቅ ተሰውሮ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገ ነበር።

ጠመንጃ በአገራችን ቤት የገባው በክብር መሆኑን አንክድም። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጠላትን የመለሰው፥ በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት አገሪቱን በወረረ ጊዜ አርበኛው ይዞት ዱር የገባው እርሱ ነው። አልቢን፥ ውጅግራ፥ ምንሽር እያሉ አባቶቻችን ስሙን እንደ ፈረስ ስም እየለዩ ይጠሩት ነበር። በሠርግ ይተኰሳል፤ በለቅሶ የሟች ጠመንጃ ወጥቶ በአደባባይ ይታያል፤ በቤትም ከግድግዳው ከፍተኛ ቦታ ይሰቀላል። እኔ ይህን ክብር የምንቅ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ክብሩ ራሱ ለልጅ የሚያስተምረው ትምህርት እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። እንግዳ በመጣ ቀን አባት ልጁን ጠርቶ ጠመንጃውን ያስይዘዋል፤ ልጁ ከክብደቱ የተነሣ ሲንገዳገድ ሁሉም ይሥቃል፤ ነገ የእርሱ ነው ይባልለታል። እንግዳው ከሄደ በኋላ ደግሞ አትንካ ይባላል። ልጁ ከሁለቱ ቃል የትኛውን ይዞ የሚያድር ይመስላችኋል?

እኔም በልጅነቴ የአባቴ ምንሽር የት እንደሚሰቀል አውቅ ነበር። ጥይቱ በየትኛው ሣጥን፥ በምን ዓይነት ጨርቅ ተጠቅልሎ እንደሚቀመጥ፥ የሣጥኑም ቁልፍ በእናቴ መቀነት ጫፍ እንደሚታሰር አውቅ ነበር። ማንም አልነገረኝም። አባቴ እስኪሞት ድረስ ማወቄን አላወቀም።

ደግሞም ዘመኑ መሣሪያውን ለውጦታል። የድሮው ጠመንጃ ረጅም ነበር፤ ከብዶ በግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ይሰቀል ስለ ነበር፥ አንድ ሕፃን አውርዶ ሊያቀባብለው ቢፈልግ በርጩማም ጕልበትም ያስፈልገው ነበር። የዛሬው ሽጉጥ ግን አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ከግድግዳ ወርዶ ወደ ፍራሽ ሥር፥ ወደ ካፖርት ኪስ፥ ወደ መኪና መሳቢያ ገብቷል። የከተማው ቤትም ጠባብ ነው፤ በአንዲት ክፍል ወላጅም ልጅም መሣሪያውም በአንድነት ያድራሉ። ባለቤቱ ፖሊስ ወይም ጥበቃ ሊሆን ይችላል፥ ነጋዴም ሊሆን ይችላል፤ የሽጉጡ ፈቃድ በእጁ ያለ ጨዋና ጾመኛ ሰው ነው። ስለ ወንበዴ እየተናገርኩ አይደለም። ወንበዴውን ሁሉም ያወግዘዋል፤ ስለዚህ ለእርሱ ጽሑፍ አያስፈልገውም።

እንዲህ ያለ ነገር ደረሰ እንበል። እናት በማድ ቤት እንጀራ ትጋግራለች፤ አባት ከሌሊት ጥበቃ መጥቶ ልብሱን ሰቅሎ ተኝቷል። የ8 ዓመቱ ልጅና የ5 ዓመቱ ወንድሙ ሌባና ፖሊስ እየተጫወቱ ነው። ታላቁ በካፖርቱ ኪስ ያለውን ያውቃል። ጎረቤት አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ቀጥሎም የእናት ጩኸት። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችን እናውቃለን፤ ድንኳን ይተከላል፥ እድርተኛው ይሰበሰባል፥ ሽማግሌዎች ከአባትዮው ጐን ይቀመጣሉ። የሚባለውም የታወቀ ነው። አንዱ ቀኑ ደርሶ ነው ይላል፤ ሌላው ሰይጣን በመካከል ገብቶ ነው ይላል፤ ሦስተኛው የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ ይደመድማል።

ኀዘንተኛን ማጽናናት መልካም ሥራ ነው፤ በድንኳኑ ውስጥ የሰውን ቍስል የሚነካ ሰው ጨካኝ ነው። ሆኖም ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ያ ቃል እንደ እውነት ሆኖ በቤቱ ይቀራል፤ ነገሩ የሚከፋው በዚህ ነው። ሁሉ በእግዚአብሔር ዕውቀት ውስጥ መሆኑ ሃይማኖታችን ነው። ዳሩ ግን ዕውቀቱ የሰውን ፈቃድ አይሽርም፤ ሕፃናትን ወደ እርሱ እንዲመጡ የጠራ ጌታ፥ ሽጉጡን በካፖርቱ ኪስ አላስቀመጠም። እኛ ቈፍረን ሳንከድን የተውነውን ጕድጓድ የእግዚአብሔር ፈቃድ ብለን ስንጠራው፥ አዳም ዕፀ በለስን ከበላ በኋላ የሰጠኸኝ ሴት እያለ ፈጣሪውን ለመክሰስ የሞከረውን ያህል ማድረጋችን ነው። ሰይጣንም ቢሆን ጥይት ማጕረስ አይቻለውም፤ የጎረሰ ሲያገኝ ግን ደስ ይለዋል።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው ሊቃወመኝ ይችላል። ያላሰበ ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ ሊቈጠር ነውን? በኦሪት ዘዳግም በ19ኛው ምዕራፍ እንጨት ሲቈርጥ የመጥረቢያው ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበት ሰው ወደ መማፀኛ ከተማ ሸሽቶ እንዲድን ተፈቅዶለት የለምን? እርግጥ ነው፤ ተፈቅዶለታል። ነገር ግን የመጥረቢያውና የጕድጓዱ ነገር ይለያያል። መጥረቢያው የወለቀው በሥራ ላይ ሳለ በአንድ ቅጽበት ነው፤ ጕድጓዱ ግን ባለቤቱ በየማለዳው እያየው፥ በየማታው እያለፈው የቈየ ነው። ሽጉጡን በካፖርቱ ኪስ የተወ ሰው ያጠፋው በዚያች ክፉ ቀን ብቻ አይደለም። ምንም ሳይደርስ ባለፉት በ300ውም በ400ውም ሌሊት ያንኑ ጥፋት ሲያጠፋ ነበር፤ ጥፋቱ የታየው ግን በአንደኛው ቀን ሆነ። እንዲህ ከሆነ ምንም ያልደረሰበት ጎረቤቱስ በምን ይለያል? እኔ እንደሚመስለኝ በጥፋት አይለይም፤ በእግዚአብሔር ትዕግሥት እንጂ። ይህ ዐሳብ ብዙ ሰው ደስ እንደማያሰኝ አውቃለሁ። መጀመሪያ ሳስበው እኔንም ደስ አላሰኘኝም።

ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በቀኖናው በፈቃድ ለገደለ የ20 ዓመት፥ ያለ ፈቃድ ለገደለም የ10 ዓመት ንስሐ ወስኗል። ሁለቱን አላስተካከላቸውም፤ ሁለተኛውንም ንጹሕ ነህ ብሎ አላሰናበተውም። ለምን ቢባል፥ ንስሐ የቅጣት ስም ሳይሆን የመድኃኒት ስም ስለ ሆነ ነው። ደም የፈሰሰበት ሰው፥ አስቦም ይሁን ሳያስብ፥ ቍስለኛ ነው፤ ቍስል የለብህም ተብሎ የሚሸኝ ቍስለኛ ደግሞ አይድንም።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ ዐሳብ የራቀ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 52 ዕድሜው 9 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ከወንጀል ተጠያቂነት ያወጣዋል። በአንቀጽ 59 ደግሞ ሊደርስ የሚችለውን እያወቀ አይደርስም ብሎ የተዝናናውንም፥ ማሰብ ሲገባው ያላሰበውንም ቸልተኛ ይላቸዋል፤ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት የሰው ሞት ያስከተለ ሰው ይቀጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2124 አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባቱን ተጠያቂ ያደርጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ከልክሏል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕጉ ከእንደዚህ ያለው ቤት ደጃፍ ሲደርስ እግሩ ይከብደዋል። አባትዮው ልጁን ያጣሁ እኔ ነኝ፥ ከዚህ ወዲያ ምን ልትቀጡኝ ነው ይላል፤ የሰማውም ሁሉ አንገቱን ይደፋል። ሽማግሌም ቢመጣ ደም የሚያደርቅበት መንገድ ያጣል፤ የደም ካሣ ከገዳይ ወገን ወደ ሟች ወገን የሚሄድ ነውና። እዚህ ገዳይና ሟች የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ከፋዩም ተቀባዩም ያው አንድ አባት ነው።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ወደ ሆነው ደረስን። በዚያ ቤት የተረፈ ሌላ ልጅ አለ። ሁሉም ስለ ሞተው ያለቅሳል፤ ስለ ተረፈው የሚያስብ ጥቂት ነው። ሕጉ ነፃ አውጥቶታል፤ ሰፈሩ ግን ነፃ አላወጣውም። በጨዋታ መካከል የተጣላው ጓደኛ ወንድሙን የገደለ ብሎ ይሰድበዋል። እናቱ አቅፋው ሳለ ድንገት እጇ ይደነዝዛል። አባቱ ደግሞ ይህ ነገር በቤት እንዳይነሣ ያዝዛል፤ የሞተው ልጅ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ልጁም ስለ ምን ዝም እንደ ተባለ በራሱ ልብ ይተረጕማል። በደል እንደ ጢስ ተኖ አይጠፋም፤ የሚገባው ሰው አልሸከም ካለ ከእርሱ በታች ወዳለው ይወርዳል። አባት ቀኑ ደርሶ ነው ባለ ጊዜ ራሱን ነፃ ያወጣ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ሸክሙን ከራሱ አውርዶ በ8 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ መጫኑ ነው። ልጁ እንዲህ ብሎ ያስባልና፤ ቀኑ ደርሶ ነው፥ ያደረስኩት ግን እኔ ነኝ።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቤት አባት በደሌ ነው ማለቱ ለራሱ ነፍስ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ያን ቃል ልጁ በጆሮው ሊሰማው ይገባል። ጣቱ የአንተ ነበር፥ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ አንተ ሕፃን ነበርህ፥ እኔ ሰው ነበርሁ ብሎ ሊነግረው ይገባል። አንድ ጊዜ ሳይሆን ልጁ በ12 ዓመቱ ሲጠይቅ፥ በ18 ዓመቱም ሳይጠይቅ ሊነግረው ይገባል። ለኢትዮጵያዊ አባት በልጁ ፊት ራሱን ዝቅ ማድረግ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። የሚከብድም ስለ ሆነ ነው ንስሐ የሚባለው።

መከራው ሳይደርስ ከሚነገሩት ምክንያቶች ሁለቱን ልጥቀስ። አንደኛው፥ አትንካ ብዬ አስተምሬዋለሁ የሚለው ነው። በአሜሪካ በአትላንታ ከተማ ሐኪሞች ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸውን 64 ወንዶች ልጆች በትንንሽ ቡድን አድርገው፥ እውነተኛ ነገር ግን መተኰስ የማይችል ሽጉጥ በመሳቢያ ወደ ተደበቀበት ክፍል አስገብተው ተመለከቱ። ውጤቱ በ1993 ዓ.ም. ታትሟል። ሽጉጡን ካገኙት 21 ቡድኖች በ16ቱ ልጆቹ በእጃቸው ያዙት፤ በ10ሩ ቃታውን ሳቡት። ከያዙትና ከሳቡትም ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት ቀደም ብሎ ስለ መሣሪያ አደጋ ተመክረው የነበሩ ናቸው። ልጅ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ልጅ ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የት እንዳለ አያውቅም የሚለው ነው። በአላባማ የገጠር ወላጆችና ልጆቻቸው ለየብቻ በተጠየቁ ጊዜ፥ ልጄ ቦታውን አያውቅም ካሉት ወላጆች ከ100 39ኙን የገዛ ልጆቻቸው ውሸት አድርገዋቸዋል። እኔ የእናቴን መቀነት ስለማስታውስ በዚህ አልተደነቅሁም።

ከእነዚህ የሚከብድ ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ በቀላሉም አላልፈውም። ይኸውም ዘመኑ ክፉ ነው፥ ሌባ በሌሊት ቢመጣ ቁልፍ ስፈልግ ልገደል ነውን የሚለው ነው። ከ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወዲህ፥ በዐማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሣው ግጭት ምክንያት፥ መሣሪያ በብዙ እጅ ገብቷል፤ ልጆች ከሜዳ ያልፈነዳ ነገር አንሥተው የሞቱበት ቤት ጥቂት አይደለም። በዚህ ሁኔታ ለሚኖር ገበሬ ጠመንጃህን ጣል ብዬ ከአዲስ አበባ ልጽፍለት አፌ አይታዘዝልኝም። ግን ሁለቱን ፍርሃት ያመዛዝን። ሌባው ምናልባት በዕድሜው አንድ ሌሊት ይመጣል፤ ምናልባትም ከቶ አይመጣም። ልጁ ግን ዛሬ ማታ በቤቱ ነው፤ ነገም በቤቱ ነው። ጥይቱን ከመሣሪያው ለይቶ፥ ሁለቱንም በተለያየ ቦታ ቈልፎ፥ ቁልፉን በአንገቱ ያሠረ ሰው ለሌባው ግማሽ ደቂቃ ይዘገያል። ያን ግማሽ ደቂቃ ለልጁ ሕይወት ከፈለ ማለት ነው።

ይህ መከራ የድኻ አገር ብቻ አይደለም። የኦርቶዶክስ አገር በሆነችው በሰርቢያ በሚያዝያ 25 ቀን 2015 ዓ.ም. አንድ የ13 ዓመት ልጅ የአባቱን ሽጉጦች ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ገባ፤ 9 ልጆችና አንድ የትምህርት ቤት ጥበቃ በዚሁ ሞቱ። ልጁ በአገሪቱ ሕግ ከሚጠየቅበት ዕድሜ በታች ስለ ነበር ፍርድ ቤት የቀረቡት ወላጆቹ ናቸው። ከዚያም በኋላ ሕዝቡ በአሥር ሺህ የሚቈጠር መሣሪያ ለመንግሥት አስረከበ። በአሜሪካም በሚሺጋን፥ አባት ለ15 ዓመት ልጁ የገዛው ሽጉጥ በአራተኛው ቀን፥ በኅዳር 21 ቀን 2014 ዓ.ም.፥ 4 ተማሪዎች ገደለ፤ አባትም እናትም በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ከ10 እስከ 15 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። እናትዮዋም መፈረዷ ለእኛ አገር እናቶች የሚያሳስብ ነው። በእኛ ዘንድ መሣሪያ የወንድ ጉዳይ ነው እየተባለ እናት ዝም እንድትል ይደረጋል፤ ልጁን ቀኑን ሙሉ የምትጠብቀው ግን እርስዋ ናት። ይህን ሽጉጥ ከልጄ አልጋ አርቅልኝ የምትል ሚስት ባልዋን አልደፈረችም።

የንስሐ አባቶችም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለንም። በወር በዓል ጠበል ልንረጭ ስንገባ እንጀራው ይቀርባል፥ ጠላው ይቀዳል፤ በትራሱ ሥር ያለውን ግን አይተን እንዳላየን እናልፋለን። ጾምህን ጾመሃልን ብለን እንጠይቃለን፤ ጥይቱን አውጥተሃልን ብለን ስንጠይቅ አልሰማሁም። የክርስትና አባትም እንዲሁ ነው፤ ስለ ሕፃኑ ነፍስ በእግዚአብሔር ፊት የተዋሰ ሰው፥ ሕፃኑ ከምን አጠገብ እንደሚተኛ ሊያውቅ አይገባውምን? ባለቤቱ ዐፍሮ ይሥቅ ይሆናል፤ አባቴ ይህ የእርስዎ ሥራ አይደለም ይል ይሆናል። በትዕግሥት ይቀመጡ፤ ጠላውንም ጥቂት ይጠጡ። ከዚያም መሣሪያው የት እንዳለ፥ ጥይቱስ ከወዴት፥ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚያድር ደግመው ይጠይቁ፤ ጥይቱ ወጥቶ ለብቻው ሲቈለፍ በዐይናቸው ሳያዩ ከዚያ ቤት ደጃፍ አይውጡ።